«የደርግ ወታደር» ስትሉ ማንን ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛችን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ፎቶ ለጠፈ። ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ካኪው ትከሻው ላይ የተቀደደ፣ አንድ እጁን ወደ ካሜራው የዘረጋ ወታደር ነው። ከሥሩ «ደሞዝ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው እኔ» ተብሎ ተጽፏል። ግሩፑ ውስጥ አሥራ አራት ነን። አሥራ ሦስታችን ሳቅን። አሥራ አራተኛዋ ያልሳቀችው ዳታ ስላልነበራት ነው፤ ማታ ገብታ ሳቀች።

እኔም ስቄያለሁ። ይሄን ቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ከላይ ሆኜ የምፈርድ እንዳይመስላችሁ ነው። ስቄ፣ ስልኩን አስቀምጬ፣ ቡና ላፈላ ተነሳሁ። ከዚያ የሆነ ነገር ስለከነከነኝ ተመልሼ ፎቶውን አጎላሁት። ሰውዬው እግሩ ላይ ያለው ከስክስ ጫማ አይደለም። ሽዳ ነው፤ ያ ታጋዮቹ ያደርጉት የነበረ የፕላስቲክ ጫማ።

የመንግሥት ወታደር እግር ላይ የታጋይ ጫማ ምን ይሠራል? ብዙዎቻችሁ ፎቶውን ስታዩ ይሄን አትጠይቁም። እኔ መልሱን የማውቀው ብልህ ስለሆንኩ ሳይሆን ጋሼ ስላለኝ ነው።

«የደርግ ወታደር» ስድብ ሆኖ ነው ያደግነው። ልብሱ ለተጨማደደ ልጅ «ምነው የደርግ ወታደር መሰልክ» ይባላል። ከትልቅ ሰው ምግብ ቶሎ ቶሎ ለሚበላም ይባላል። ኳስ ሜዳ ላይ በረኛው ግቡን ጥሎ ሲወጣ «ፈረጠጠ፣ እንደ ደርግ ጦር» ይባላል። እኛ ቤት ግን አይባልም። እናቴ ልጆች ሆነን ከሰፈር ይዘነው ስንገባ ጭናችንን ትቆነጥጠን ነበር፣ ምክንያቱን ግን አትነግረንም። ምክንያቱ የታላቅ ወንድሟ ነገር መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ጋሼ የአርሲ ሰው ነው፣ ከአሰላ ወጣ ብላ ካለች የገጠር ቀበሌ። በጥር 1979 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ገብስ ሊሸጥ ገበያ ወጥቶ ታፈሰ። ቀበሌው የሚሞላው ኮታ ነበረበት። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ገብሱን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ ይጠይቃል፤ እየቀለደ ይሁን አይሁን አይታወቅም። በ1975 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ሰው ስድስት ወር ይሠለጥናል፣ ሁለት ዓመት ያገለግላል ይላል። በጠቅላላው ሠላሳ ወር። ጋሼን በዕድሜው አስቀድመው ወሰዱት፣ ሠላሳው ወር ሲያልቅ ደግሞ ማንም «ጨርሰሃል» አላለውም። ያኔ ምፅዋ ከመያዟ በፊት ነው። ከትግራይ የመንግሥት ጦር ወጥቶ የየብሱ መንገድ ተዘግቷል። በየካቲት 1982 ምፅዋ ስትያዝ ደግሞ አስመራና ዙሪያዋ ያለው ያ ሁሉ ሠራዊት ከመሀል አገር ጋር የሚያገናኘው ሰማይ ብቻ ሆነ።

ጋሼም አስመራ የገባው በአንቶኖቭ ነው። በሕይወቱ አውሮፕላን የተሳፈረው አንድ ጊዜ ነው፣ መሄጃውን ብቻ።

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ክርክሬ ያለው እዚህ ነውና። ያንን ልጅ ከገበያ አንስቶ ግንባር ለማድረስ መንግሥት ምን ምን አዘጋጀ? የጭነት መኪና፣ አውቶቡስ፣ የማሠልጠኛ ካምፕ፣ ሐኪም፣ መዝገብ ጸሐፊ፣ አውሮፕላን። ቁጥር ተሰጠው። ልብስ ተለካለት። አገሪቱ ያኔ በረሃብ የምትታወቅ ድሃ አገር ናት፣ ግን ለመሄጃው የጠፋ ነገር የለም። ለመመለሻው ምን ተዘጋጅቶ ነበር? እዚህ ላይ ሰው «እንዴ፣ ተሸንፎ እኮ ነው» ይለኛል። ልክ ነው፣ ተሸንፏል። ግን ቢያሸንፍስ? የሠላሳ ወሩ ተራ ሲደርስ የሚያሰናብተው ሰው ነበረ? አልነበረም። መመለሻው በሽንፈቱ ምክንያት አልጠፋም፣ ከመጀመሪያው አልታሰበም።

የግንቦት 1983ን ታሪክ በቀን በቀን ታውቁታላችሁ። ግንቦት 13 ፕሬዝዳንቱ በናይሮቢ አድርገው ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። ግንቦት 16 ሻዕቢያ አስመራ ገባ። ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። የባሕር ኃይሉ መርከቦች ወደ የመን ተሻገሩ። አንዳንድ አብራሪዎች ጅቡቲ አረፉ። ማንንም አልከስም፤ መርከብ ቢኖረኝ እኔም እሻገር ነበር። ጋሼ ያኔ ደቀመሐሬ ግንባር ነበር፣ የመጨረሻው ትልቅ ውጊያ የተደረገበት ቦታ። የነበረው እግር ነው።

ቀጥሎ ያለውን በመጽሐፍም በዜናም «ሠራዊቱ ተበተነ» ብለው ያልፉታል። ይሄ ቃል ያናድደኛል። እህል ይበተናል፣ የሠርግ ሰው ይበተናል። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው ግን ዝም ብሎ አይበተንም። እያንዳንዱ አንድ ቦታ ላይ ቆሟል፣ አንድ ቤት አለው፣ በመሀሉ መንገድ አለ። ከፊሉ በከረን አድርጎ በበረሃው ወደ ሱዳን ሄደ፤ ስንቱ በውሃ ጥም እንደወደቀ የሚያውቀው አሸዋው ነው። ከፊሉ ተማረከ። ጋሼ ከተማረኩት ነው። ጥቂት ሳምንት ከያዟቸው በኋላ ብዙ ሆነው ወደ ደቡብ ተነዱና በዛላምበሳ በኩል «በሉ ወደ አገራችሁ» ተባሉ። አገሩ አርሲ ነው። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ብቻ ዘጠኝ መቶ ኪሎሜትር ያህል አለ።

ይሄን መንገድ ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። በአንድ ቁጭታ ነግሮኝ አያውቅም። አንዱን ቁራጭ ፋሲካ ላይ፣ ሌላውን ሆስፒታል ወረፋ ስንጠብቅ፣ ሌላውን ደግሞ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ ነው የነገረኝ። እኔ ነኝ የገጣጠምኩት፣ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ላይ ብሳሳት ጥፋቱ የኔ ነው።

አዲግራት ሲደርሱ ከስክሱን ሸጠ። መሸጥ ካላችሁት ነው፤ አንዲት እናት በር ላይ ቆመው አዩት፣ ጫማውን ጠቆሙ፣ ገብተው አምስት እንጀራ፣ ትንሽ በርበሬና አሮጌ ሽዳ ይዘው ወጡ። ሽዳው የልጃቸው ነው። ልጃቸው ታጋይ ነው፣ የት እንዳለ አያውቁም። ጋሼ እንጀራውን ይዞ ሊሄድ ሲል አስቆሙት፣ በራቸው ላይ አስቀመጡት፣ «ብላዕ ወደይ» አሉት። ብላ ልጄ ማለት ነው። እስኪጨርስ ቆመው አዩት። ጋሼ ትግርኛ አራት ዓመት ከርሞበትም ብዙ አይችልም፣ ይቺን ግን ይችላታል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ምግብ አልበላ ስንል የሚለን ይሄንኑ ነው። እኛ የቀልድ ቋንቋ ይመስለን ነበር።

ፎቶው ላይ ያለው ሽዳም እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ነገር ነው። አስመራ ውስጥ ለሽዳ ትልቅ ሐውልት ቆሞለታል፣ ታጋዮቹ በሱ ተጉዘው አሸንፈውበታልና። በሱው የተሸነፉትም ተጉዘዋል። ስለሱ የቆመ ነገር የለም፣ ያው የደሞዝ ቀልዱ ብቻ ነው ያለው።

ከአዲግራት መቀሌ 120 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ በስድስት ቀን ገቡ። መቀሌ ላይ የቀይ መስቀል ሰዎች ብስኩትና ውሃ ሰጧቸው። ከዚያ ክረምቱ ገባ። ከመቀሌ በታች ያለውን ጋሼ የሚያስታውሰው በዳገት ነው፤ አላጌ፣ ከዚያ ከማይጨው በኋላ ግራ ካሕሱ። አብሮት የሚሄድ አንድ ልጅ ነበር፣ የጋሞ ልጅ፣ ደቀመሐሬ ላይ አንድ ምሽግ ውስጥ የነበሩ። አማርኛው ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ብዙ አያወሩም፣ ግን አንድ ብርድ ልብስ ነበራቸው። ኮረም ሳይደርሱ ልጁን ተቅማጥ ያዘው። ሦስት ቀን ደገፈው። በአራተኛው ጠዋት አልተነሳም። መንገድ ዳር ድንጋይ ከመሩበት፣ ካለፉት መሀል አንድ ዲያቆን የነበረ ሰው የሚያውቃትን ያህል ጸለየ፣ ብርድ ልብሱን ጋሼ ወሰደ።

ጋሼ ይሄን ሲነግረኝ ያለቀሰ እንዳይመስላችሁ። አላለቀሰም። የሚደጋግመው አንድ ነገር ነው፤ «የአባቱን ስም አልጠየቅኩትም።» የልጁን ስም ያውቃል፣ የወረዳውን ስም ግን አያውቅም። ለማን ይነገር? ጨንቻ ይሁን፣ ቦንኬ ይሁን፣ የት ይሁን? የዚያ ልጅ እናት ካሉ ምናልባት እስከ ዛሬ መንገድ ያያሉ። መርዶ ያልተነገረው ሰው አልሞተም፤ ለቅሶ አይቀመጡለትም፣ ተዝካር አያወጡለትም፣ የሱ ብጤ ልጅ በመንደሩ ባለፈ ቁጥር ቀና ብለው ያያሉ። ይሄ ሁሉ የአንድ መስመር ጽሑፍ ዋጋ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የሞተበት ቦታ። ሲመለመል ይሄን ሁሉ የጻፈ መዝገብ ነበረ፣ አይደል? ኮታ ለመሙላት የተጻፈ ስም መርዶ ለማርዳት ለምን አይነበብም?

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። ቆቦ ላይ ወባ ይዞት ሦስት ሳምንት መስጊድ ግቢ ተኝቷል። ደሴን በሌሊት አለፈ፣ ወታደሮች እየተሰበሰቡ ካምፕ ይወሰዳሉ ሲባል ሰምቶ ፈርቶ። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ከብርድ ተጠልሎ አደረ። ከደብረ ብርሃን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በነፃ ጫነው፣ ወደ ከተማው ሲቃረቡ ግን ከበድ ያለ ፍተሻ አለ ብሎ አወረደው።

አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ለምኗል። ይሄን የነገረኝ አንዴ ብቻ ነው። የአሰላ መሳፈሪያ ነበር የሚለምነው። ከአንድ ሺህ ኪሎሜትር መንገድ የቀረው 175 ኪሎሜትር ነው፣ እግሩ ግን እዚያ ላይ እምቢ አለ። ቁስሉ አመርቅዞ ነበር። የከተማው ሰው ያኔ ስንቱን ይሰጣል? በየመንገዱ ነበሩ። ከሰጡት ይልቅ የሚያስታውሰው አንድ በሱ ዕድሜ ያለ ልጅ «ኧረ አብዮታዊው!» ብሎ ሳቅ ብሎበት ያለፈውን ነው። ቴሌግራሙ ላይ ያለው ጋሼ አይደለም፣ አጉልቼ አይቼዋለሁ። ግን ሊሆን ይችል ነበር። ያ የሳቀው ልጅ ደግሞ እኔ ነኝ፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ዘግይቼ።

ጥቅምት 1984 ቤቱ ገባ። ከሱ በፊት የተመለሰ የመንደር ልጅ «ደቀመሐሬ ላይ ተመትቶ አይቼዋለሁ» ብሎ ነበር፣ ስለዚህ አያቴ ነሐሴ ላይ ለቅሶ ተቀምጠዋል። ሲገባ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው፣ ደጅ ላይ እህል እያበጠሩ ነበር። አላወቁትም። «የለኝም ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» ብለው እንደ ለማኝ መለሱት። «እማ እኔ ነኝ» እስኪል ድረስ።

እሺ፣ አሁን ተቃውሞውን ልስማ፤ አውቀዋለሁ፣ እራሴም ብዬዋለሁ። ይሄ ሠራዊት እኮ የማን ሠራዊት ነበር? ሰኔ 15 ቀን 1980 ሐውዜን ገበያ ላይ ቦምብ የጣለው መንግሥት ሠራዊት አይደለም? ኤርትራ ውስጥ መንደር ያቃጠለው? የቀይ ሽብሩ ሥርዓት ጠባቂ? አዎ። ይሄን ለመሸፈን አልጻፍኩም። ጋሼ ንጹህ ነው ብዬም አልምልም፤ ምን እንዳየና ምን እንዳደረገ ሙሉውን አልነገረኝም፣ ስጠይቀው ርዕስ የሚቀይርባቸው ሁለት ሦስት ቦታዎች አሉ። ያጠፋ በስሙ ተጠርቶ ይጠየቅ፣ ይሄ ፍትሕ ነው። እኔ የምቃወመው ሌላ ነገር ነው። ከገበያ የታፈሰ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅና አፈሳውን ያዘዘው ሰው በአንድ ቃል «ደርግ» ሲባሉ፣ ከዚያም ስድቡና ረሃቡ ለልጁ ሲደርስ፣ አውሮፕላኑ ለአዛዡ ሲደርስ፣ ያ ፍትሕ አይደለም። ያቺ የአዲግራት እናት ከኛ የተሻለ ገብቷቸዋል። ልጃቸው ላይ ሲተኩስ የነበረን ሰው ማንነቱን አጥተውት አይደለም ያበሉት።

ታሪኩን የምናነበው ደግሞ ከማን ነው? መንግሥቱ ኃይለማርያም «ትግላችን»ን ጻፉ፣ ፍቅረሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን፣ ፍስሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»ን። ይጻፉ፣ መጻፋቸው ጥሩ ነው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ሃያ ዓመት ታስረው የወጡ ሰዎች ናቸው፣ ዋጋ አልከፈሉም አልልም። ግን ከላይ ሲታይ ጦርነት የክፍለ ጦር ቁጥርና የማን ስህተት ነበር ክርክር ነው። ማን ከማን ጋር ተጣላ፣ ማን ምክር አልሰማም። እኛም ያንኑ ይዘን ትዊተር ላይ እንነታረካለን። የእግሩ ታሪክ አልተጻፈም፣ ምክንያቱም የሄዱበት ሰዎች ወይ ጽሑፍ አልተማሩም፣ ወይ ያፍራሉ፣ ወይ ኮረም አጠገብ ድንጋይ ተከምሮባቸዋል።

ለአዲሱ መንግሥትም ፍትሐዊ ልሁን። በ1983 ሥልጣን እንደያዘ የቀድሞ ሠራዊት አባላትን የሚያቋቁም ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችንም ወደየቀያቸው መልሷል። ትልቅ ሥራ ነው። ጋሼ በፍርሃት ካምፑን ሸሽቶ ስላለፈ አልደረሰውም። የሸሸው ለምንድነው ብትሉ፣ እስከዚያን ቀን ድረስ መኪና ላይ ውጣ የተባለበት ጊዜ ሁሉ ወደ ቤቱ አልነበረማ።

ከዚያ ሰባት ዓመት ቆይቶ የባድመ ጦርነት መጣ። የቀድሞ ወታደሮች ተፈለጉ። ትናንት የደርግ ርዝራዥ የተባለ መድፈኛ ዛሬ «ልምድ ያለው» ሆነ። ብዙዎች ሄዱ፣ ከኛ መንደርም የሄዱ አሉ፣ ያልተመለሱም አሉ። ጋሼ አልሄደም። አንድ ማታ አዲስ አበባ እኛ ቤት መጣ፣ «ላያችሁ ናፍቃችሁኝ ነው» ብሎ፣ ሰባት ወር ተቀመጠ። እኔ ያኔ አምስት ዓመቴ ነው። ሳሎን ፍራሽ ላይ ሲተኛ ጫማውን አያወልቅም ነበር። እናቴ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ እምቢ። እኔና ወንድሜ እየተደበቅን እንስቅበት ነበር።

አሁን ወደኛ ልምጣ፣ ወደ እኔና እናንተ፣ ስልክ ይዘን ላደግነው።

ሰኔ 25 ቀን 2013 በሺዎች የሚቆጠሩ የተማረኩ የመከላከያ ወታደሮች በመቀሌ ጎዳና በእግር ሲነዱ ዓለም ሁሉ አየ። ቪዲዮው ሲመጣ የት ነበራችሁ? ግማሹ ጨፈረበት። ግማሹ ደግሞ «የኛ አይደሉም፣ ውሸት ነው» አለ። ሁለቱም ወገን የልጆቹን እግር አላየም። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ደግሞ ያ መንገድ፣ መቀሌ፣ አላማጣ፣ ቆቦ፣ ወልዲያ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ወታደር ሲረግጠው ከረመ። ጋሼ ቴሌቪዥኑ ላይ የከተሞቹ ስም በተጠራ ቁጥር ከክፍሉ ይወጣ ነበር። እኔ? እኔ «ክተት» የሚል ፖስተር አጋርቻለሁ። ሁለት ጊዜ። የፕሮፋይል ፎቶዬንም ቀይሬ ነበር። ጦርነቱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ዛሬ እዚህ አልከራከርም፣ ያ ሌላ ጽሑፍ ነው። የምለው ይሄን ነው፤ ሌላውን ሰው «ዝመት» ስል እንዴት እንደሚመለስ አንድ ቀን እንኳን አልጠየቅኩም። ጋሼ ሳሎናችን ውስጥ ጫማውን አድርጎ ሲተኛ እያየሁ ያደግኩ ሴት ነኝ፣ እኔ እንኳን አልጠየቅኩም።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። ጦርነቱ አበቃ ተባለ። ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ከየክልሉ አሰናብቶ ለማቋቋም አቅዷል። በትግራይ የመጀመሪያዎቹ ተዋጊዎች ትጥቅ ፈተው መሰናበት የጀመሩት ኅዳር 2017 ነው። ቁጠሩት። ሁለት ዓመት አልፎ። ለመክተት ስንት ቀን ነበር የፈጀው? በትግራይ ጥቅምት 2016 ላይ ለቤተሰቦች መርዶ ተነግሮ ሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ጦርነቱ ካበቃ አንድ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው፤ ያም ሆኖ ተነገረ። በሌላው ወገን ያሉት የወደቁ ልጆች ግን በስማቸው ሲነበቡ እኔ አልሰማሁም። አዲስ አበባ ውስጥ የማውቃት አንዲት ጎረቤት የልጇን ስልክ ቁጥር በየወሩ ካርድ ትሞላለታለች፣ መስመሩ እንዳይዘጋ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ግጥም አይደለም፣ የሂሳብ ጥያቄ ነው። ማንም መንግሥት፣ ማንም ግንባር፣ ማንም ፋኖም ይሁን ሠራዊት ይሁን «ክተት» ሲል፣ በዚያው ወረቀት ላይ የመመለሻውን ይጻፍ። ስንት ወር ነው? ሲያልቅ ማን ያሰናብታል? ቢማረክ ማን ይጠይቅለታል? ቢሞት ለናቱ በስንት ቀን ይነገራል፣ በማን? ቢቆስል ከመጨረሻው ሆስፒታል እስከ ቤቱ ማን ይወስደዋል? ይሄን መመለስ ያልቻለ ሰው ልጅ የመውሰድ መብት የለውም። «ጦርነት ላይ ይሄ ሁሉ አይቻልም» የሚለኝ ሰው አለ። እንዴት ነው መዝገብ፣ ኮታ፣ መኪናና አንቶኖቭ የሚቻለው ታዲያ? የማይቻለው ሁልጊዜ ወደ ቤት የሚያመጣው ብቻ ነው?

እኛም «ዝመት» ብለን ከማጋራታችን በፊት ይሄንኑ እንጠይቅ። ከጠየቅን በኋላ ማጋራት ያማረው ያጋራ። ፎቶውን ደግሞ ከግሩፑ እንዲያወርደው ጓደኛዬን ጠየቅኩት። «አንቺ ደግሞ፣ ቀልድ እኮ ነው» አለኝ። የጋሼን ነገር ነገርኩት። ትንሽ ቆየና አወረደው፣ ከዚያ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። የሱ አባት በጦርነቱ መጨረሻ በከሰላ በኩል ነው የተመለሰው። ይሄን ያውቃል። መንገዱን ግን ጠይቆት አያውቅም። አባቱ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ጋሼ አሁን ሃምሳ ስድስት ሆኖታል፣ አርሲ ገብስ ያመርታል። ባለፈው ገና ሄጄ ይሄን ልጽፍ እንደሆነ ነገርኩት። ስሙ እስካልተጠራ ድረስ ግድ የለውም። ከዚያ «አንቺ ኢንተርኔት ላይ ነው አይደል የምትሠሪው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ተነስቶ ጓዳ ገብቶ ትንሽ ቆይቶ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ ይዞ መጣ። የወታደር መታወቂያው ነው። ፎቶው ላይ ፂም የሌለው ልጅ አለ። ይሄን ሁሉ ዘመን በሽዳው ሶል ውስጥ፣ በኋላ ደግሞ ጣራ ሥር ደብቆት ኖሯል።

የመሰናበቻ ወረቀት አልተሰጠኝም አለኝ። ካምፑን ሸሽቶ ስላለፈ ማንም አላሰናበተውም። ሰላሳ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው፣ እሱ ቤት ተቀምጦ ልጆች ወልዶ ሲድር፣ መዝገቡ ላይ አሁንም ደቀመሐሬ ነው ያለው። «አንድ ቦታ ማመልከቻ ካለ ሙይልኝ» አለኝ። ጡረታ ፈልጎ እንደሆነ ጠየቅኩት። አይደለም አለኝ፣ ወረቀቱን ብቻ ነው።

ካርዱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ይመለከተዋል ላሉኝ መሥሪያ ቤት ኢሜል አድርጌያለሁ፣ ሄጄም ጠይቄያለሁ። አንዱ ወደ ሌላው መራኝ። ሦስተኛው ቢሮ ያለችው ልጅ ካርዱን አየች፣ እኔን አየች፣ «ሰውየው እራሱ መቅረብ አለበት» አለች። ጋሼን ደወልኩለትና ነገርኩት።

«በምን ልምጣ?» አለኝ።

የአውቶቡሱን ላኩለት።